መርፌ ወይስ እስትንፋስ?

ከጅዳ ወደ መካ ለሐጅ ለመውጣት ስንሰናዳ አራታችንም የማጅራት ገትር ክትባት መወጋት ነበረብን። ከመካከላችን አንዱ አስም አለበት፤ መርፌም ይፈራል። (ሐኪም ሊሆን የሚማር ሰው መርፌ ሲፈራ ማየት ራሱን የቻለ ትርዒት ነው!) ደሴ ላሉት እናቱ ደውሎ ቢያማርር፣ «ምነው ልጄ፣ እንደ ባሕር ዛፍ እንፋሎት ቢያጥኗችሁስ?» አሉት። ሳቅን። ማታ ግን ጥያቄያቸው እንቅልፍ ነሳን።

ክትባቱ ለምን ግዴታ እንደሆነ ወገኖቻችን ሳይሰሙ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1987 በመካ በሐጃጆች መካከል የተነሣው ወረርሽኝ ከተመላሾች ጋር ተጓዘ፤ ያው የባክቴሪያ ዘር በ1988 ሱዳንን፣ በ1988 እና በ1989 አገራችንን ፈጀ። በ2000 ደግሞ ደብልዩ 135 የተባለ ሌላ ዓይነት በሐጅ ላይ ተነሣ። ዛሬ ሐጃጅ የሚወጋው አራት ዓይነቶችን የሚከላከለውን ክትባት ነው።

ጀርሙ የሚገባው በአፍንጫና በጉሮሮ ነውና፣ እዚያው በር ላይ ዘብ ማቆም ያማረ አሳብ ይመስላል። ነገር ግን በሩ ራሱ ይቆጣል። በቤተ ሙከራ የጊኒ ፒግ የትንፋሽ ቧንቧ ቁራጭ በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ ሰቅለን አይተናል፤ ሂስታሚን ጠብ ሲልበት ይኮማተራል፣ አይሶፕሬናሊን ሲጨመርበት ይላላል፣ ብዕሯም በወረቀቱ ላይ ትወጣለች ትወርዳለች። አስም ያለበት ሰው ቧንቧ ደግሞ በትንሹ ነገር ይኮማተራል።

በ1948 ተመራማሪዎች ያዩት እንዲህ ነው፦ የትክትክ ክትባት የተወጉ አይጦችን፣ ቀድሞ ምንም የማይላቸው ሂስታሚን ገደላቸው። ሴንቲቫኒ በ1968 ከዚሁ ተነሥቶ፣ በአስም የሚደክመው ቧንቧውን የሚያላላው ተቀባይ ነው የሚል ግምት አቀረበ። ቀጥሎም የሆላንድ ተመራማሪዎች የሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለጊኒ ፒጎች ሰጥተው፣ የቧንቧው የመላላት ኃይል መቀነሱን አገኙ። በእነዚህ ባክቴሪያዎች ግድግዳ ላይ ኢንዶቶክሲን አለ፤ በትንፋሽ ሲገባም ሳንባን አስቆጥቶ የእንስሳትን ቧንቧ ለመኮማተር ያዘጋጀዋል። የማጅራት ገትር ባክቴሪያም ይኸው ነገር አለው። በመርፌ የሚሰጠን ግን የተጣራ የሽፋኑ ስኳር ነው።

ሁሉም ባክቴሪያ እንዲህ ያደርጋል ማለታችን አይደለም። በ1998 የታተመ ጥናት፣ ቢ.ሲ.ጂ. በአፍንጫቸው የተሰጣቸው አይጦች ሳንባ በአለርጂ መቆጣቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። እኛ ግን በጓደኛችን ሳንባ አንወራረድም።

እናቱ ዘንድ መልሰን ደወልን። «እማማ፣ ባሕር ዛፉ ጀርም የለበትም፤ ይህኛው ግን የሞተ ጀርም ማሽተት ይሆንበታል» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያስ ይወጋ፤ እጁን ያዙልኝ» አሉን። ያዝንለት።

ሚና ላይ ያ የታወቀው የሐጅ ሳል አልማረውም። ሌሊት በድንኳኑ ውስጥ ቬንቶሊኑን ሁለት ጊዜ ሳበና ትንፋሹ ተመለሰለት። መድኃኒቱ የሚሠራው የጊኒ ፒጓን ቧንቧ ባላላው በዚያው ተቀባይ በኩል ነው።