137 ለ 1፦ ያልተደረገው የማዘጋጃ ቤት ርክክብ

ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ባለ ሰዓቱ ማዘጋጃ ቤት ቆሟል። የነደፈው አፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊ አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ሕንፃው ንጉሠ ነገሥቱን፣ ደርግን፣ ኢሕአዴግን አሳልፏል። አንድ ነገር ግን አይቶ አያውቅም፦ በምርጫ የተሸነፈ አስተዳደር ለአሸናፊው ቢሮውን አስረክቦ ሲወጣ።

ለዚህ ቀን ከሁሉም የቀረበው 1997 ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። ከከተማዋ ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ስለ አገር አቀፉ ቆጠራ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ስለ አዲስ አበባ ግን ኢሕአዴግ ራሱ መሸነፉን ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ "ያኔ እንዲህ ቢሆን ኖሮ" የሚል ሰው ጥያቄውን ከቤተ መንግሥት ይልቅ ከማዘጋጃ ቤት ቢጀምር ይሻላል። እዚያ ማን እንዳሸነፈ መከራከር አያስፈልግም።

ድምፁን የሰጠው ማን እንደነበረም አይረሳ። በአራዳና በፒያሳ ጀርባ ያሉ ሰፈሮች በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ነበሩ። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ አከራዩ መንግሥት ነው። ኪራይ የሚከፈለው፣ መታወቂያ የሚታደሰው፣ ጣሪያ ሲያፈስ ለማደስ ፈቃድ የሚለመነው ያኔ ቀበሌ ነበር። ያ ተከራይ ነው ወጥቶ አከራዩን ሻረህ ያለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በምርጫው ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ከለከሉ። ሰኔ 1 በመዲናዋ ተተኮሰ፤ በጥቅምት 1998 እንደገና። አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሰላማዊ ሰዎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዘገበ። ተሰናባቹ ፓርላማ ከመበተኑ በፊት ደንቡን ቀይሮ አጀንዳ ማስያዝ ከግማሽ በላይ አባላት ያሉት ወገን ብቻ የሚችለው ነገር አደረገው። በቅንጅት በኩል ደግሞ ተመራጮቹ ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት ቢመርጡም፣ ፓርቲው ፓርላማ ላለመግባት ወሰነ፤ የከተማው ምክር ቤትም ሳይመሠረት ቀረ። ጥቅምት ላይ መሪዎቹ ታሰሩ። ግንቦት 1998 ላይ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ማዘጋጃ ቤት ገባ።

"ደንቡ ተቀይሮ፣ ሥልጣኑ ተሸርሽፎ ምን ሊሠሩ ይገባሉ?" የሚለው ክርክር ያኔ በየካፌው ተሰምቷል። ክርክሩ ከባድ ነው። መልስ ለመስጠት ግን አሜሪካ በ1800 እ.ኤ.አ. ምርጫ የገጠማትን ማየት ይጠቅማል።

ያ ምርጫ የሚወራለትን ያህል የጨዋ ርክክብ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ 65 ድምፅ አግኝተው ተሸነፉ። አሸናፊዎቹ ቶማስ ጄፈርሰንና የራሱ ወገን አሮን በር ግን እኩል 73 ድምፅ አገኙ፤ ውሳኔው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። በምክር ቤቱ የተሸናፊው ፓርቲ ሰዎች በርን እየደገፉ ጄፈርሰንን ለማስቀረት ሞከሩ። 35 ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶ አልተቋጨም። የቨርጂኒያና የፔንሲልቬንያ ገዥዎች ሚሊሻ ለማንቀሳቀስ ተዘጋጅተው ነበር። በ36ኛው ዙር ከደላዌር የመጣው ብቸኛ ተወካይ ጄምስ ቤያርድ በርን መደገፉን ሲተው ጄፈርሰን አለፈ።

ተሸናፊዎቹም ዝም ብለው አልወጡም። ሊሰናበቱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ሕግ አውጥተው አዳዲስ የፌዴራል ዳኝነቶችን ፈጠሩ፤ ወንበሮቹንም በራሳቸው ሰዎች ሞሉ። አዳምስ በርክክቡ ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በሠረገላ ተሳፍረው ከተማውን ለቀቁ፤ በዓለ ሲመቱን አላዩም። እየተቆጡ ሄዱ፤ ግን ሄዱ። ጄፈርሰንም የተሸረሸረውን ሥልጣን ይዞ ገባ፤ በዓመቱ የእሱ ፓርቲ ያን የዳኝነት ሕግ ሻረው።

ይህን ወደ ማዘጋጃ ቤት እናምጣው። በመስከረም 1998 ከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ለብርሃኑ ነጋ ቢሮውን አስረክበው ቢሆን፣ 137ቱም ገብተው ቃለ መሐላ ፈጽመው ቢሆን ኖሮስ?

የመጀመሪያው ዓመት ጭቅጭቅ ይሆን ነበር። ላይ ከንቲባው የቅንጅት፣ ታች ቀበሌው የኢሕአዴግ፤ የቀበሌ ምርጫ በዚያ ዓመት አልተደረገምና። ሕገ መንግሥቱም የከተማው አስተዳደር ተጠሪነት ለፌዴራሉ መንግሥት ነው ስለሚል በየጉዳዩ መካሰስ አይቀርም። ቆሻሻ ባይነሳ ከንቲባው ቀበሌውን፣ ቀበሌው ከንቲባውን ይወቅሳል። ቅንጅትም በውስጡ ተከፋፍሎ ነበርና፣ ከእስር በኋላ የታየው ጠብ ምክር ቤቱ ውስጥ ቀድሞ ይፈነዳ ነበር። ምናልባት በአምስት ዓመቱ የአራዳ መራጭ "እነዚህም አልሆኑም" ብሎ ያወርዳቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ ትርፍ ነበር። የተሸነፈው ፓርቲ በማግስቱ ቤቱ አድሮ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ለቀጣዩ ምርጫ መዘጋጀት እንደሚችል ያይ ነበር። ያሸነፈውም መንገድ መጠገን ከሰልፍ መጥራት እንደሚከብድ ይማር ነበር። በዚህ አገር ሥልጣን በ1967 በወታደር፣ በ1983 በጦርነት ተላልፏል። በ2010 አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በፈቃዳቸው ቢለቁም ያስረከቡት ለራሳቸው ግንባር ሰው ነው። ተቀናቃኝ ለተቀናቃኝ በድምፅ ብቻ ያስረከበበት ቀን አንድም የለም። አንድ ማዘጋጃ ቤት ለመለማመጃ ይበቃ ነበር።

በምትኩ ሁለቱም ወገን ሌላ ትምህርት ወሰደ። ገዥው ፓርቲ ዳግመኛ ላለመሸነፍ ተማረ። በ2000 በተደረገው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ኢሕአዴግ ከ138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ፤ ያው ቁጥር ተገልብጦ። በ2007 ፓርላማው ውስጥ አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልቀረም። በተቃዋሚው በኩል ደግሞ የምርጫው ቀን ራሱ፣ ግንቦት 7፣ በኋላ ነፍጥ ያነሣ ንቅናቄ መጠሪያ ሆነ። ከንቲባ ተብለው የተመረጡት ብርሃኑ ነጋ በ2014 የመንግሥት ሥልጣን ሲይዙ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ነው፤ ያውም በሹመት።

በ2016 ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። ልማቱ ይበጃል አይበጅም የሚለው ክርክር ለብቻው ይቆይ። የተነሣው ተከራይ ግን "የመረጥኩህ ተወካይ፣ የት ነበርክ? በሚቀጥለው ታገኘኛለህ" ብሎ የሚያስፈራራው የምክር ቤት አባል አልነበረውም። ወንበሩን በእሱ ድምፅ ያጣ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ታይቶ አያውቅምና።

በ1997 የተወለደ ልጅ ዛሬ መራጭ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ በር በየቀኑ ሲያልፍ ሰዓቱን ያያል፤ ርክክብ ግን አላየም። የሚቀጥለው ከንቲባ ማን ይሁን ከሚለው በፊት ይህ ልጅ ሊጠይቅ የሚገባው አለ፦ የአሁኑስ ቢሸነፍ በየትኛው በር ይወጣል?