የኒሻኑ ባለቤት

በርሊን ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ጁን 17 በተሰኘው ሰፊ ጎዳና ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ከቲርጋርተን ባቡር ጣቢያ ወርዶ ጥቂት መራመድ ይበቃል። የሸክላ ሳህን፣ የነሐስ መቅረዝ፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሙሽሮች ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ደግሞ ከፈይ በተነጠፈባቸው ሳጥኖች የተደረደሩ የጦር ሜዳ ኒሻኖች። የመጣሁት ለእነዚህ ነው። አንድ ጀርመናዊ ወታደር ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ብረት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ባለቤቱ ምን ያህል ሊነግረን እንደሚችል ለማየት ከበርሊን ተነስቼ በፖትስዳምና በድሬስደን በኩል ሙኒክ ድረስ እሄዳለሁ።

በሳጥኖቹ ውስጥ የሚበዛው የ1914ቱ የብረት መስቀል ነው። ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በማርች 1813 ብሬስላው ላይ ያቋቋሙት፣ ናፖሊዮንን ለመውጋት የተነሱት የፕሩሺያ ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሳልሳዊ ናቸው። ንድፉን ያበጀው ዕውቁ አርክቴክት ካርል ፍሪድሪክ ሺንክል ነው። ብረት የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። አገሩ በጦርነት ደኽይቶ ሴቶች የወርቅ ጌጣቸውን አስረክበው በምትኩ የብረት ጌጥ ያደርጉ ነበር። ተራው ወታደርና ጄኔራሉ አንድ ዓይነት መስቀል መሸለማቸውም ለዘመኑ እንግዳ ነበር። በ1870፣ በ1914 እና በ1939 ጦርነት በተነሳ ቁጥር ሽልማቱም አብሮ ታደሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለተኛ ደረጃው ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ታድሏል።

አንድ አዛውንት ነጋዴ አጉሊ መነጽራቸውን አውሰውኝ እውነተኛውን ከተጭበረበረው መለየት ያስተምሩኛል። መሃሉ ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ስለሆነ ማግኔት ሊስበው ይገባል። ዙሪያውን ያቀፈው የብር ጠርዝ ከፊትና ከኋላ ተጋጥሞ የተበየደ ነው፤ የመጋጠሚያው መስመር ጠርዙ ላይ ይታያል። ባንድ ጊዜ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ይህ መስመር የለውም። የ1939ኞቹ መስቀሎች መሃላቸው ላይ ባለው ስዋስቲካ ትንንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ስዋስቲካን በአደባባይ ማሳየት በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ የተከለከለ ነው፤ ለምርምር፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው ካልሆነ በቀር። በ1957 የወጣው ሕግም የቀድሞ ወታደሮች ሽልማታቸውን እንዲያደርጉ የፈቀደላቸው ስዋስቲካው በወጣለት ቅርጽ ነው።

ከመስቀሎቹ አንዱ ከምስክር ወረቀቱና ከወታደሩ ደብተር ጋር በክር ታስሯል። ደብተሩ ስሙን፣ የተወለደበትን መንደር፣ ሙያውን፣ የተዋጋበትን ሬጅመንት፣ የቆሰለበትን ቀን ይዟል። ገልጬ ሳልጨርስ አንድ ወጣት መጥቶ መስቀሉን ብቻ ጠየቀ። ክሩ ተፈታ፤ መስቀሉ ሄደ፤ ወረቀቱ ሌላ ሳጥን ገባ።

«ለምን ለያዩዋቸው?» አልኳቸው።

«ለየብቻ የተሻለ ያወጣሉ» አሉኝ፣ ቅር ሳይላቸው።

ያ መስቀል ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከ5 ሚሊዮኑ አንዱ ሆኗል።

ታዲያ የመንግሥት መዝገብ የለም ወይ? መልሱ ፖትስዳም ይጠብቀኛል። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በላይ ብራውሃውስበርግ የሚባል ኮረብታ አለ። በላዩ የቆመው ግዙፍ ሕንጻ ለጦር ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ሆነ፤ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የገዢው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ስለነበር ሕዝቡ «ክሬምሊን» ብሎ ይጠራው ነበር። እስከ 2013 ደግሞ የብራንደንቡርግ ግዛት ምክር ቤት ተሰብስቦበታል። ዘመን ያለፈበት ግንብ ቆሟል፤ የፕሩሺያ ሠራዊት መዝገብ ግን አልተረፈም። ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ሌሊት፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት፣ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ፖትስዳምን ደበደቡ፤ የወታደሮቹ የግል ማህደርም አብሮ ነደደ። ከጀርመን ሠራዊት የሚበዛው ፕሩሺያዊ ስለነበር፣ የሚሊዮኖች ታሪክ ባንድ ሌሊት አመድ ሆነ ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ በየጊዜው ይታተም የነበረው የሟቾች፣ የቁስለኞችና የጠፉ ወታደሮች ዝርዝር ዛሬም በስም ይፈለጋል። ነገር ግን ስሙን የሚነግርህ ደብተር ከመስቀሉ ከተለየ፣ የምትፈልገው ማንን ብለህ ነው?

ድሬስደን ላይ ብዙ አልቆይም። የፌዴራሉ ሠራዊት የጦር ታሪክ ሙዚየም የሚገኘው በ1870ዎቹ በተሠራ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። አርክቴክት ዳንኤል ሊበስኪንድ ሕንጻውን በብረትና በመስታወት ሹል ክፍል ሰንጥቆት በ2011 እንደገና ተከፈተ። እዚህ የምመለከተው የደንብ ልብስ ነው። ሰማያዊው የፕሩሺያ ኮት ለግራጫው የሜዳ ልብስ ቦታውን የለቀቀው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ ጫፉ የሾለው የቆዳ ቆብም በ1916 በብረት ቆብ መተካት ጀመረ። ሰብሳቢዎች ልብስ ሲገዙ አልትራቫዮሌት መብራት ይይዛሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው ሰው ሠራሽ ክርና የማንጫ ኬሚካል በመብራቱ ሥር ቦግ ይላል፤ የቆየው ሱፍ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። መብራቱ ግን የጨርቁን ዕድሜ ቢጠቁም የለበሰውን ሰው አይነግርም።

ሙኒክ ሌላ ዓለም ነው። ባቫሪያ በጀርመን ግዛት ውስጥ የራሷ ንጉሥ፣ የራሷ ጦር ሚኒስቴርና የራሷ ሠራዊት ነበራት፤ መዝገቧም እዚሁ ሙኒክ በሚገኘው የጦር ቤተ መዛግብት ተርፏል። በየክፍሉ የተያዙት የወታደር መዝገቦች ስም፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ስፍራ፣ ሙያ፣ የወላጆች ስም፣ ቁስል፣ ሽልማት ይዘረዝራሉ። አያቱ ባቫሪያዊ የነበረ ሰው ሊያውቀው የሚችለውን፣ አያቱ ፕሩሺያዊ የነበረው ጎረቤቱ ላያገኘው ይችላል።

የወረቀትን ጉልበት የሚያሳይ ታሪክም የባቫሪያ ነው። አዶልፍ ሂትለር በኦገስት 1918 አንደኛ ደረጃ የብረት መስቀል ሲሸለም፣ ሽልማቱ እንዲሰጠው ሐሳብ ካቀረቡት መኮንኖች አንዱ ሁጎ ጉትማን የተባለ አይሁዳዊ ሌተናንት ነበር። ጉትማን ራሱም ይህንኑ መስቀል ተሸልሟል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን አገሩን ጥሎ አሜሪካ ለመሰደድ ተገደደ። ሁለቱን መስቀሎች ጎን ለጎን ብታስቀምጥ ማግኔቱም አጉሊ መነጽሩም ይህን አይነግሩህም።

በ1934 ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ለቀድሞ ዘማቾች ያቋቋሙት የክብር መስቀልም እንዲሁ ነው። ከ8 ሚሊዮን በላይ ታድሏል፤ ዘማቹ አመልክቶ፣ ስሙና ማህተም ያለበት ወረቀት አብሮ ይቀበል ነበር። በአንደኛው ጦርነት ወደ 100,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ለጀርመን ዘምተው 12,000 ያህሉ ወድቀዋልና፣ ከተረፉት ብዙዎች አመልክተው መስቀሉን ወሰዱ። ሂንደንቡርግ በዚያው ዓመት ስለሞቱ ወረቀቱ የሚወጣው በሂትለር ስም ነበር። የአይሁዳዊ ስም፣ የሂትለር ማዕረግ፣ የፖሊስ ማህተም ባንድ ገጽ ላይ! በርሊን የሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ይዟል። መስቀሉ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ ሚሊዮኖች ምን ይለየው ነበር?

ስለዚህ ይህን ነገር ልሰብስብ ለሚል ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ ወረቀቱን አስቀድም። ስም ያለበት ሰነድ ካገኘህ መስቀሉን፣ ደብተሩንና ፎቶግራፉን አንድ ላይ ግዛ፤ አቅምህ ካልፈቀደ ፎቶ አንስተህ ስሙንና ሬጅመንቱን መዝግብ፤ ስትሸጥም አትለያይ። የፖትስዳምን ቃጠሎ ያደረሱት ቦምብ ጣዮች ናቸው፤ ማንም አይመልሰውም። በየሳምንቱ ገበያ ላይ የሚፈታው ክር ግን በሻጭና በገዢ ስምምነት የሚፈታ ነው፤ ያንን ማስቆም ደግሞ ገንዘቡን የያዘው የገዢው ፈንታ ነው።