እንቅልፍ የማይነሳ ግቢ

ዛሬ የጎረቤቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ልትሞላ ስልኳን ይዛ መጣች። ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን ዝርዝሩን ስናይ ቆየንና «ጋሼ፣ ትምህርቱ ጠንካራ ሆኖ የማያስጨንቅ ግቢ የቱ ነው?» አለችኝ። እናቷ ከጓዳ ሆና «እንዲህ ያለ ካለማ እኔም ልመዝገብ!» ብላ አሳቀችን።

ልጅቷ ግን የምሯን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናው መልኩን በቀየረበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2017 እንኳ 8.4 ነው። በዚህ ወንፊት አልፋ የመጣች ልጅ ትንሽ እፎይታ ብትፈልግ ሰነፍ አይደለችም። ገና ፍሬሽማን ላይ የዲፓርትመንት ፉክክር፣ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቃታል።

እኔ በተማርኩበት ግቢ ማታ ማታ እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ነክሮ የሚያነብ የዶርም ልጅ ነበር። እንቅልፉን እንዲያባርርለት ነው። ሁላችንም «ጀግና» እንለው ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ታሞ አቋርጦ ሄደ። የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ መምህር አልነበረም። ጠንካራ ትምህርት ማለት ይሄ ከሆነ ለማንም ልጅ አልመኝም።

ዝርዝሩ ላይ የራሳችን ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ጣቷ ሳይቆም አለፈው። እዚህ ላይ የቆየ ንዴቴ ተነሳ! ምደባ በወጣ ቁጥር ቴሌግራሙ «ጋምቤላ ደረሰኝ፣ ቀያይሩኝ» በሚል ለቅሶ ይሞላል። ሙቀቱ እውነት ነው፤ መጋቢት ላይ ኮርኒሱ ራሱ ያተኩሳል። አርባ ምንጭስ ይሞቅ የለም እንዴ? የአርባ ምንጭ ስም ሲነሳ ግን ሰው የሚያወራው ስለ ውሃ ምህንድስናው ነው። የእኛም ላቦራቶሪው ወይ መምህሩ ከጎደለ በዚያ ይወቀስ። ሲያለቅሱ የመጡት ልጆች እኮ ጥቂት ወር ቆይተው ባሮ ዳር የማታ ነፋስ ሲቀበሉ፣ በአኙዋክኛ ሰላምታ ሲለዋወጡ ነው የምናገኛቸው። የከተማዬ ስም እንደ ቅጣት ሲጠራ ያመኛል። በቃ፣ ያመኛል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ጤና ነው የምትፈልገው፤ ጅማን አነሳሁላት። ስሙ ትልቅ ስለሆነ አይደለም። እዚያ የተለያየ የጤና ዘርፍ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደርገው ጤና ጣቢያና ቀበሌ ይወርዳሉ፤ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ጎንደርም በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ የቡድን ሥልጠናን ያውቀዋል። የቡድን ጓደኛህ ካላወቀ ሥራው ለሁላችሁም በሚበላሽበት ቦታ ኖት መደበቅ ምን ይጠቅማል? ጭንቀት የለም አላልኳትም፤ ሕክምና ሕክምና ነው። ግን ብቻህን መጨነቅና ከሰው ጋር መጨነቅ አንድ አይደለም።

የግቢ ስም ብቻ አትጠይቂ አልኳት። አሁን እዚያ ያለ ተማሪ ፈልገሽ የፈተና ወረቀት ታርሞ ይመለሳል ወይ፣ ለደከመው ቲቶሪያል አለ ወይ፣ ሌሊት ትተኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ጅማ፣ መቱ፣ ሚዛን ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ እባካችሁ እውነቱን ጻፉላት። ምርጫው ሊዘጋ ነው።