ቀድሞ የተከፈለ የመንጃ ሥልጠና ሲቋረጥ ገንዘቡ የማን ነው?

ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ፣ ሥልጠናው መሀል ላይ ሲቆም ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ ሥልጠናውን ያቆመው ማን ነው? የቆመውስ በምን ምክንያት ነው? ማሰልጠኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ወረቀት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ጥያቄው የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ለሆነችው ለሐይቅና የአምባሰል ወረዳ ከተማ ለሆነችው ለውጫሌ ወጣቶች ከደሴዎቹ ይልቅ ይከብዳል። ሁለቱም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ውጫሌ ከዚያም ታልፋለች። ደሴ ሄዶ የሚሠለጥን ሰው ከሥልጠናው ክፍያ ሌላ የትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ያወጣል። ባጃጅ ይዞ ሐይቅ ላይ ሊሠራ ያሰበው ልጅ የሚከፍለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ነው፤ አንዳንዴ ዐረብ አገር ያለች እህት የላከችው ነው። ደግሞም በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃድ ካለው ማሰልጠኛ የሥልጠና ማስረጃ ሳይያዝ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ስለማይቻል፣ «አጎቴ ያስተምረኛል» ብሎ መተው አያዋጣም።

ጉዳዩን የሚገዙት ሕጎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሁለተኛው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛን ሰው ነው፤ ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ አይካተትም። የመንጃ ሠልጣኝ የተማረውን መልሶ ስለማይሸጥ ሸማች ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ግድግዳው ወረቀት እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ለብቻው ያወጣው ጠቅላላ የንግድ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው፣ ያ ሰው ደንቡን ዐውቆ ሲቀበለው ወይም ደንቡ በመንግሥት ሲወጣ ወይም ሲጸድቅ ነው ይላል። ስለዚህ ሠልጣኙ ከከፈለ በኋላ ያየው፣ ወይም ማንም ያላሳየው ማስታወቂያ የውሉ አካል አይደለም። በፈረመው ቅጽ ላይ ታትሞ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅጹን ሳያነብ ፈርሞ ኋላ «አላየሁትም» የሚል ሰው ብዙም አይደመጥለትም።

ሌላው በደረሰኙ ላይ የሰፈረው የክፍያ ዓይነት ነው። ደረሰኙ «ቀብድ» የሚል ከሆነ አንቀጽ 1885 ይመጣል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊተው ይችላል፣ ቀብድ ተቀባዩ ግን ውሉን ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው ለሠልጣኝ ትልቅ መሣሪያ ቢሆንም የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ከዋጋው ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ግን ቀብድ አይደለም፤ ሠልጣኙ ስለወጣ ብቻ ማሰልጠኛው ሊያስቀረው የሚችልበትን መብት ይህ አንቀጽ አይሰጠውም።

ማሰልጠኛው ራሱ ሲያጠፋ መልሱ ቀላል ነው። መኪናው ተበላሽቶ ለሳምንታት ተግባር ልምምድ ካልተሰጠ፣ አሠልጣኙ ጠፍቶ ተተኪ ካልመጣ፣ ወይም ለአንድ ሰዓት የተከፈለበትን ልምምድ አራት ሠልጣኝ ጭኖ ሩብ ሩብ ካካፈለው፣ ጉድለቱ የማሰልጠኛው ነው። አዋጅ 813 ጉድለት ያለበት አገልግሎት የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ዳግመኛ እንዲሰጠው ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ቀኑ ካለፈም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ። በዚህኛው መንገድ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ «በዚህ ጊዜ ውስጥ ካላሠለጠናችሁኝ ውሉን እሰርዛለሁ» የሚል፣ ተመጣጣኝ ቀነ ገደብ የያዘ ደብዳቤ። ውሉ ሲሰረዝ አንቀጽ 1815 ተዋዋዮቹን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ቦታ ይመልሳቸዋል። መረጃ መደበቅም ከዚሁ ይመደባል፦ ለምድቡ የሚጠየቀውን ዕድሜ ወይም የትምህርት ደረጃ እንደማያሟላ እያወቁ መዝግበው ያስከፈሉት ሰው፣ ፈተና ላይ ሲመለስ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የነዳጅ ጭማሪ በየጊዜው የሚነሣ ሰበብ ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፣ ሙሉውን ከፍሎ ግማሽ ላይ የደረሰ ሠልጣኝን «ተጨማሪ ካልከፈልህ አንቀጥልም» ማለት የሚያጓጓ ሆነ። ሕጉ ግን እዚህ ላይ ለማሰልጠኛው አያዝንም። አንቀጽ 1764 ግዴታው ከተጠበቀው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል፤ አንቀጽ 1794 ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልግ ዕቃ ዋጋ መናሩን ከአቅም በላይ ከሆነ ኃይል አይቆጥረውም። ውሉ ላይ «ነዳጅ ሲጨምር ክፍያው ይስተካከላል» የሚል ካልተጻፈ፣ ጭማሪው የነጋዴው ኪሳራ ነው።

ጦርነት ግን ሌላ ነው፤ ደቡብ ወሎም በደንብ ያውቀዋል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሐይቅና ደሴ ሲደርስ ከፍሎ በመሠልጠን ላይ የነበረ ሰው እንደ ሌላው ሁሉ ተፈናቀለ፤ ደሴ በመንግሥት ኃይሎች እጅ የተመለሰችው በኅዳር መጨረሻ ነው። አንቀጽ 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ከአቅም በላይ ከሆኑት ኃይሎች መካከል በስም ይጠቅሰዋል። ስለዚህ ሠልጣኙ ለባከነው ጊዜ ወይም ላጣው ሥራ ካሣ መጠየቅ አይችልም። ይሁንና ካሣና ተመላሽ ይምታታሉ፤ ማሰልጠኛውም ሲምታቱ አይከፋውም። ያልተሰጠ ሥልጠና ዋጋ ካሣ አይደለም። ሥልጠናው መሰጠት የማይችል ሆኖ ውሉ በአንቀጽ 1788 ሲሰረዝ፣ ያልተሠራበት ክፍያ በአንቀጽ 1815 ይመለሳል። ማሰልጠኛው ሰላም ሲሆን ከቆመበት ልቀጥል ካለና መዘግየቱ የውሉን መሠረት ካላናጋ ግን መቀጠሉ ቅድሚያ አለው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሠልጣኙ ራሱ ሐሳቡን ሲለውጥ ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ የተለመደው ምክንያት የዐረብ አገር ጉዞ መገኘቱ ነው። በአውሮፓ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ለተገዛ አገልግሎት 14 የማሰላሰያ ቀን ይሰጣል፤ ቢሮ ድረስ ሄዶ በአካል ለፈረመ ግን እዚያም በደፈናው የለም። በአዋጅ 813 ውስጥም በአካል ተመዝግቦ ለተጸጸተ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ አልተቀመጠም። ማሰልጠኛው ካልተስማማ ሠልጣኙ በራሱ ፈቃድ ወጥቶ ሁሉንም አምጡ ማለት ያስቸግረዋል፤ ማሰልጠኛውም ያልሠራበትን በሙሉ አስቀርቶ ያለ ድካም መበልጸጉ ፍትሐዊ አይሆንም። መሀሉ ድርድር ነው። አንድ ሊነሣ የሚገባው መፍትሔ ቀሪውን ሥልጠና ለወንድም ወይም ለጓደኛ ማስተላለፍ ነው። አንቀጽ 1962 ሕግ፣ ውል ወይም የነገሩ ጠባይ ካልከለከለ መብትን ለሌላ ማስተላለፍ ይፈቅዳል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ፋይል በስም ስለሚከፈት አዲሱ ሰው በራሱ ስም መመዝገብ ይኖርበታል።

ስንት ይመለስ የሚለው በሒሳብ ይታያል። ለምሳሌ 15,000 ብር ተከፍሎ 3,000ው ለንድፈ ሐሳብ፣ ቀሪው ለ30 ሰዓት ልምምድ ከሆነ፣ አንዱ ሰዓት 400 ብር ነው። ንድፈ ሐሳቡን ጨርሶ 10 ሰዓት የነዳ ሰው 7,000 ተጠቅሟል፤ ቀሪው 8,000 ነው። ደረሰኙ «የሥልጠና ክፍያ 15,000» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ማሰልጠኛው ዋናው ወጪ ንድፈ ሐሳቡ ነበር ሊል ይችላል። ዝርዝሩ በደረሰኙ ጀርባ በእጅ ተጽፎ ማኅተም ቢያርፍበት ክርክሩ ያጥራል። የመመለሻ ጥያቄው በማስጠንቀቂያ ከቀረበ በኋላ ማሰልጠኛው ቢዘገይ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰባል፤ በ8,000 ብር 720 ብር ማለት ነው።

የቃል ውልም ውል ነው፤ ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ስምምነት የተለየ ፎርም አይጠይቅም። ችግሩ ማስረጃ ነው። ገንዘቡ በቴሌብር ለአሠልጣኙ የግል ስልክ ቁጥር ከተላከ መልእክቱ የሚያሳየው ለግለሰቡ መከፈሉን ነው፤ ማሰልጠኛው «እኛ አልተቀበልንም» ቢል መክፈቻ ሰጥተነዋል። በየልምምዱ ማብቂያ ሠልጣኙና አሠልጣኙ የሚፈርሙበት የሰዓት መቆጣጠሪያም ፎቶ ተነሥቶ ሊያዝ ይገባል።

አቤቱታው መጀመሪያ ለማሰልጠኛው በጽሑፍ፣ ቀጥሎ ማሰልጠኛው ባለበት ከተማ ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤትና ለማሰልጠኛው ፈቃድ ለሚሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ገንዘብ አይፈርድም፤ ማሰልጠኛው ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ እሱን ይፈራል። ፍርድ ቤት ከተኬደ የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም ሊፈጸም በነበረበት ቦታ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ደሴ ተመዝግቦ ደሴ የሠለጠነ የውጫሌ ሰው ክሱን የሚመሠርተው እዚያው ደሴ ነው። የውል ክስ ይርጋ በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነው።