«ታይቷል» የምትለው ቃል

ሰው አንድን ዕቃ አጽድቶ፥ ከፀሐይና ከዝናም ከልሎ ሲያኖረው፥ ከዓመት በኋላም እንዳኖረው አገኘዋለሁ ብሎ ያምናል። ነገር ግን የተቀመጠ ሁሉ የተጠበቀ አይደለም። ጎተራ የገባውን እህል ነቀዝ፥ ሣጥን የገባውን ልብስ ብል እንደሚያገኘው ሁሉ፥ ሥራ የፈታ ሞተርም በዕረፍቱ ውስጥ ሳለ ያረጃል። ይህን ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በጅቡቲ ከተማ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ በዳስ ሥር ቆማ የቆየች አንዲት የሞተር ጀልባ ናት። ከዚሁም ጋር ስለ ገዛ ፊርማችን ያላሰብነውን ትምህርት ተማርን።

እኛ ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በጽሕፈት ሥራ የተቀጠርን፥ ባሕርንም በካርታ ላይ ብቻ እያየን በደጋ ያደግን ነን። ወደ ጅቡቲ የተላክነው በዚያ ወደብ አልፎ ወደ አገራችን የሚገባውን ዕቃ ሰነድ ለመከታተል ነበር። በዚያም ብዙ ዘመን በንግድ ሥራ የኖሩ አንድ የአገራችን ሰው አስጠግተውን እንደ ልጆቻቸው ያዩን ነበር። እኛም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ባለቤታቸው የታጁራ ሰው ናቸው፤ ስድስት ዓመት የሆናት አንዲት ልጅም አለቻቸው።

ከጅቡቲ ከተማ እስከ ታጁራ በባሕር በቀጥታ ቢለካ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታጁራ ለታሪካችን እንግዳ አይደለችም፤ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተጓዘው ከዚያች ወደብ ተነሥቶ ነው። የመኪና መንገድ ቢኖርም ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ የጋሼ ቤተ ሰብ የለመደው በራሳቸው ጀልባ መሻገርን ነበር። ጋሼ ታመው በተኙ ጊዜ ግን ጀልባይቱም አብራቸው ተኛች። ሲድኑ፥ በታጁራ ያሉት አያት የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበርና ለሐሙስ እንደሚመጡ ላኩባቸው።

ከዚያም ጋሼ ሃያ ነገሮች የተዘረዘሩበትን አንድ ወረቀት ሰጡንና፥ «እናንተ የብዕር ሰዎች ናችሁ፤ ይህን ተከትላችሁ ጀልባይቱን አሰናዱልኝ። ያያችሁትን ‹ታይቷል› እያላችሁ በመጨረሻው ፈርሙበት» አሉን። እኛም ከመካኒክ ጋር ሆነን ሰኞ በማለዳ ሥራ ጀመርን።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ቀን በትጋት ሠራን። በጋኑ ውስጥ የቆየው ቤንዚን ሽታው ተለውጧል፤ ጋኑም ጎዶሎ ሆኖ ስለ ከረመ የአየሩ እርጥበት ጠል እየሆነ ወርዶ ከሥሩ ውሃ አጠራቅሟል። ሁሉን ቀድተን ጋኑን አጠብን፤ ፊልትሮውንና ካንዴላዎቹን ለወጥን። የማርሹም ዘይት ተቀዳ፤ ወተት መስሎ ቢወጣ ኖሮ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነበር፥ ነገር ግን ጠቁሮ ብቻ ተገኘ። የጨው ውሃ ብረትን ስለሚበላ በሞተሩ እግር ላይ የዚንክ ቁራጭ ይታሰራል፤ ዚንኩ ለሌላው ብረት ቤዛ ሆኖ ራሱን ያስበላል። የኛይቱ ከግማሽ በላይ ተበልታ ነበርና በአዲስ ተካናት።

በሁለተኛው ቀን ግን ሙቀቱ አደከመን፤ ልባችንም ወደ ማለቁ አዘነበለ። ሞተሩን በውሃ በርሜል ውስጥ አስነሣነው፤ የሚያቀዝቅዘው ውሃ በጎኑ በኩል ቀጥኖ ሲፈስ አየንና «የውሃ ፖምፓ፥ ታይቷል» ብለን ጻፍን። የመንሳፈፊያ ሰደርያዎችን ከከረጢታቸው ሳናወጣ ቆጠርናቸው፤ ስድስት ናቸው፥ ተሳፋሪውም ስድስት ነው። «ታይቷል።» የቀሩትንም እንዲሁ አከታትለን ሞላን፤ ፊርማችንንም አሳምረን አኖርንበት። በመሥሪያ ቤታችን የለመድነው ይኸው ነበር፤ የሞላ ወረቀት ያለቀ ሥራ ይመስለን ነበር።

ረቡዕ ማታ ጀልባይቱን የሚነዱት ሽማግሌ መጡ። እኒህ ሰው አፋር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። በአሰብ ወደብ ብዙ ዓመት ሠርተው አማርኛን እዚያ የለመዱ ሲሆኑ፥ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የወደቡ ሥራ ሲቋረጥባቸው ወደ ጅቡቲ የተሻገሩ ናቸው። ፊደላችንን አያነቡምና ወረቀቱን እንድናነብላቸው ጠየቁን። እኛም በኩራት ማንበብ ጀመርን። እርሳቸው ግን በያንዳንዱ መስመር ላይ፥ «በዓይናችሁ አያችሁት? በእጃችሁስ ነካችሁት?» እያሉ ያቆሙን ነበር።

ፖምፓው ላይ ስንደርስ፥ «ከፍታችሁታል?» አሉን።

«አልከፈትነውም፤ ግን ውሃ ሲተፋ አይተናል» አልናቸው።

«ልጆቼ፥ አምስት ደቂቃ መትፋትና ሁለት ሰዓት መትፋት አንድ አይደለም» ብለው መፍቻ አንሥተው ተቀመጡ።

በዚያ ፖምፓ ውስጥ ባለ ስድስት ክንፍ የሆነች አንዲት ትንሽ የጎማ መንኰራኵር አለች፤ ሥራዋ የባሕሩን ውሃ ስባ ሞተሩን ማቀዝቀዝ ነው። ሞተሩ ሲቆም ክንፎቿ በአንድ ወገን እንደ ታጠፉ ይቀራሉ፤ ጎማም እንዲህ ታጥፎ ሲከርም ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም። ስትወጣ አንዱ ክንፍ ተቆርጦ ጠፍቷል፤ ሁለቱም ከሥራቸው ተሰንጥቀዋል። ሐጂ የተቆረጠውን ቁራጭ ሳያገኙ አልተነሡም፤ በውሃው መተላለፊያ ገብቶ ቢወተፍ አዲሲቱም መንኰራኵር አትረዳምና ነው።

ቀጥለው ሰደርያዎቹን ከከረጢቱ ዘረገፏቸው። የሁለቱ ማሰሪያ ሲጐተት እንደ ወረቀት ተቀደደ። ስድስቱም የአዋቂ ልክ ናቸው። ሐጂ አንዱን አንሥተው በአጠገባችን ትጫወት ለነበረችው ሕፃን አለበሷትና በትከሻው ይዘው ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። ሰደርያው በእጃቸው ቀረ፤ ልጅቱ ከሥሩ ሾልካ መሬት ላይ ቆማ ሳቀች። ከርሷ በቀር ማንም አልሳቀም።

ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ወረቀቱም ትክክል ነበር፤ ልጅቱ ግን በወረቀቱ ውስጥ አልነበረችም።

ያን ሌሊት ወደ ጋሼ ገብተን ያላየነውን አይተናል ብለን መፈረማችንን ተናገርን። ከዚያ በፊት ከአለቃ ተግሣጽ ለማምለጥ ብዙ ምክንያት ደርድረን እናውቃለን፤ በዚያ ሌሊት ግን አንድም ምክንያት ከአፋችን አልወጣም። ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በኋላም ወደ ታጁራ እንደማይመጡ አሳወቁና፥ ያልተጻፈበት ወረቀት አውጥተው፥ «እንግዲህ አሁን ያያችሁትን ጻፉ» አሉን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ያን ጊዜ በሚገባ ተረዳነው።

የሕፃን ሰደርያ ፈልጎ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብን፤ በርሷ ልክ የሆነውና በእግሮቿ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ተገዛ። መንኰራኵሯ ተለወጠች፤ መሪው በጨው ተይዞ ነበርና ተፈትቶ ግራሶ ተቀባ፤ ጀልባይቱ ወደ ባሕር ከመውረዷ በፊት ከኋላዋ ያለው የውሃ ማውጫ መወተፊያ በእጃችን ተጠበቀ። ማክሰኞ ሙሉ ጭነት ይዘን በወደቡ አጠገብ ስንመላለስ ዋልን። ነዳጁንም ሐጂ በሦስት ከፍለው አሰቡት፤ አንዱ እጅ ለመሄጃ፥ አንዱ ለመመለሻ፥ ሦስተኛው ላልታሰበ ነገር። የምንነሣበትንና የምንደርስበትን ሰዓት በየብስ ለሚቀር ሰው ነገርን፤ ሬዲዮውንም የባሕር ተጓዦች ለእርዳታ ጥሪ በሚጠብቁት በ16ኛው መሥመር ላይ ከፈትን።

በተከታዩ ሐሙስ ነፋሱ ሳይነሣ፥ ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሣን። የጅቡቲ ሕንፃዎች ከኋላችን ዝቅ እያሉ ሄዱ፤ ከፊታችንም የታጁራ ተራሮች ከጉም ውስጥ ብቅ አሉ። ሌሎቹ ተራሮቹን ሲመለከቱ፥ የእኛ ዓይን ግን በሞተሩ ጎን በምትፈሰው ቀጭን ውሃ ላይ ተተክሎ ቀረ። ልጅቱ ብርቱካንማ ሰደርያዋን እንደ ታጠቀች በእናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከታጁራ ጠረፍ ደረስን፤ አያትየው በከዘራቸው ተደግፈው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይጠብቁን ነበር።

ዛሬ ወደ አገራችን ተመልሰን በቀድሞው ጠረጴዛችን እንሠራለን። በየብስ የተሳሳተ ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ ይታረማል፤ ባሕር ግን ሁለተኛ ደብዳቤ አይቀበልም ብለን ስንናገር ቆይተናል። እያደር ግን ይህም አባባላችን ሙሉ እንዳልሆነ ገባን። በየመዝገቡ ጀርባ ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ልጅ ሳትኖር አትቀርም፤ ልዩነቱ እኛ ባሕሩን አለማየታችን ብቻ ነው። ስለዚህ «ታይቷል» ልንል ብዕራችንን ስናነሣ የሐጂ ጥያቄ በጆሯችን ይደውላል፤ ብዙ ጊዜም ብዕሩን መልሰን አኑረን፥ ነገሩን ለማየት ከወንበራችን እንነሣለን።