249 ግራም

«ትልቁን ግዛ፤ ነፋስ አይገፋውም» ይለኛል ጓደኛዬ። እኔ ዓይኔ ያረፈው ዲጄአይ ሚኒ 4ኬ የተባለው ድሮን ላይ ነው፤ ከ249 ግራም አያልፍም። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚበር ድሮን 250 ግራም ከሞላ ይመዘገባል። (የደህንነት ፈተናው ግን ለሁሉም አብራሪ ነው፤ በነፃ።)

ዋናው ነገር ጊምባሉ ነው፤ ካሜራውን ያንጠለጠለችው ትንሿ ክንድ። ድሮኑ ሲንገዳገድ እሷ በተቃራኒው እየዞረች ምስሉን ታረጋጋለች። በሦስት አቅጣጫ የማይዞር ጊምባል ያለውን በነፃም አልወስድ። ትርፍ ባትሪም ያስፈልጋል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 31 ደቂቃ ነፋስ በሌለበት ነው።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠህ የት ልታበረው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰፈሬ ያለው ከዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው።

«ላሊበላ ይዤው እሄዳለኋ!»

«ያለ ፈቃድ? ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይቀበልሃል፤ ያውም በሁለት እጁ።»