ጠመኔ አይደለም

«በጣም ያምራል፤ ግን ጠመኔ ነው አይደል?»

በፓስቴል የምትሠሩ ሁሉ ይህቺን ጥያቄ ታውቋታላችሁ። ኤግዚቢሽን ላይ ትመጣለች፣ ዋጋ ሲነገር ትመጣለች፣ ቤተሰብም አይምራትም። ዛሬ ስለሷ ትንሽ ልበል። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ቀለም በመሠረቱ ዱቄት ነው። ዱቄቱን በተልባ ዘይት ስታሹት የዘይት ቀለም ይሆናል። በግራር ሙጫና በውኃ ስትበጠብጡት የውኃ ቀለም። እፍኝ በማትሞላ ሙጫ ለውሳችሁ፣ እንደ ሊጥ አድቦልቡላችሁ ስታደርቁት ደግሞ ሶፍት ፓስቴል። ዱቄቱ ያው ነው፤ የሚለየው ማያያዣው ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነጭ መሙያ ሆኖ ትንሽ ቀለም የነካው። ፈካ ያሉት ፓስቴሎችም ነጭ መሙያ አላቸው፣ አልክድም። ጥሩ ፓስቴል ስትይዙ ግን በእጃችሁ ያለው በአብዛኛው ቀለሙ ራሱ ነው። ያ ብርሃን የሚመስል ድምቀት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ዱቄቱን የሸፈነው ዘይትም ቫርኒሽም የለም።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ፓስቴሎቼን ልሸጥና የዘይት ቀለም ልግዛ። በዚህ ከቀጠልኩ ማንም ሠዓሊ አይለኝም።» እጇ እኮ ወርቅ ነው!

የሻርዳንን ነገር ነገርኳት። ፈረንሳዊው ሻርዳን ዕድሜውን ሙሉ በዘይት ቀለም ሠርቶ ስሙን የተከለ ሰው ነው። ሰባዎቹ ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ሲታመምበት ወደ ፓስቴል ዞረ። በ1775 የሠራው የራሱ ምስል ሉቭር ሙዚየም አለ፤ መነጽር አድርጎ፣ ግንባሩ ላይ የብርሃን መከላከያ አስሮ በቀጥታ ያያችኋል። ከዘይት ወደ ፓስቴል የሄደው «ወርዶ» አይደለም። ከሱ በፊትም በ1720 የቬኒሷ ሮዛልባ ካርዬራ የፓሪስ ንጉሣዊ የሥዕል አካዳሚ አባል የሆነችው በፓስቴል ሥራዋ ነው። ሴት ሠዓሊ በር ላይ በምትመለስበት ዘመን!

ለልጅቷ የመለስኩላት ይህን ነው፦ የዘይት ቀለም አምሮሽ ከሆነ ግዢ፣ እሰየው። የሰው አፍ ፈርተሽ ከሆነ ግን ቆዪ።

ለምን ቆዪ አልኩ? ፓስቴል የሚያስተምረውን ሌላው ቶሎ አያስተምርም። እንደ ዘይት ፓሌት ላይ ደባልቀህ የፈለግከውን ቀለም አታወጣም፤ አንዱን በሌላው ላይ ደርበህ ዓይን እንዲደባልቀው ትተዋለህ። የኛን ሰው ፊት በአንድ ቡናማ ሠርታችሁ በጣት ካሻችሁት ጭቃ ነው የሚሆነው። ጥላው ላይ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ አገጭ ሥር ትንሽ አረንጓዴ፣ ጉንጭ ላይ ብርቱካናማ ጣል አድርጉና ሳታሹት ራቅ ብላችሁ እዩት። ፊቱ ይተነፍሳል። ከጨለማው ጀምሩ፣ ብርሃኑን መጨረሻ ላይ አምጡ። ወረቀቱ ሻካራ ይሁን፤ ለልምምድ የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል፣ ለሚቀመጥ ሥራ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ሐቁ። ገዢዎች «ይረግፋል» ሲሉ ውሸት አይደለም። እጅ ሲነካው ይለቃል፣ እርጥበት ይጎዳዋል። ነገር ግን በዘይት ቀለም ላይ እንደምናየው በዕድሜ ብዛት ቢጫ አይሆንም፣ አይሰነጣጠቅም። ሊዮታር በ1744 ገደማ የሣላት ቸኮሌት የያዘች ልጅ ድሬስደን ከተማ ውስጥ ዛሬም ፏ ብላ ቆማለች። የሚያስፈልገው መስታወት ብቻ ነው፤ መስታወቱ ግን ሥዕሉን እንዳይነካ በመካከል ወፈር ያለ የካርቶን ክፈፍ ይግባ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት። ስታጓጉዙት ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። የፀጉር ስፕሬይማ በፍጹም! የሥዕል ማጽኛው እንኳ ብዙ ከተነፋ ፈካ ያሉትን ቀለሞች ያጠቁራል።

ለምትሠሩት ደግሞ፦ ዱቄቱን በአፋችሁ እፍ አትበሉት፣ ማስክ አድርጉ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አንዳንዱ ቀለም ለሳንባ አይሆንም፤ ልጆች ያሉበት ቤት በተለይ።

ዋጋው ውድ ነው፣ አውቃለሁ። መቶ እንጨት ርካሽ ከመግዛት ግን ጥቂት ጥሩ ጨለማና ጥቂት ጥሩ ብርሃን ይሻላል።

ለገዢ ወዳጆቼም አንድ ነገር፦ «ጠመኔ ስለሆነ ቀንሺላት» አትበሉ። ካልወደዳችሁት አትግዙ፣ መብታችሁ ነው። ከወደዳችሁት ግን የወደዳችሁት ያንኑ ዱቄት ነው።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በመስታወትና በሥዕል መካከል ክፍተት ትቶ በደንብ ፍሬም የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ ኮሜንት ላይ አካፍሉን። ብዙ ልጆች ይፈልጋሉ።